የጣሳ ስተርሊንግ ሞተሬ አሥር ዙር ዞሮ ይቆማል፤ ስህተቱ የት ነው?

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኃይል ትምህርት) ላይ በደረስኩ ቁጥር ሰሌዳው ላይ የግፊትና የይዘት ግራፍ እስላለሁ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ ክረምት ሲገባ ይረሱታል። አምና አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ግራፍ የየትኛው ሞተር ነው? አይተውት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የስተርሊንግ ነው፣ ውስጡ የታሸገ አየር እየሞቀና እየቀዘቀዘ የሚያዞረው ሞተር አልኳት። አይቼው ግን አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ዘንድሮ ምዕራፉ ሳይደርስ ሠርቼ ክፍል ይዤው ልገባ ቆርጬ ተነሣሁ።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ማታ ማታ ነው የምሠራው። ስህተቱ የት እንደተደበቀ ስለማላውቅ ያደረግሁትን ሁሉ ልዘርዝር።

ሲሊንደሩ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው፤ ወርዱ 73 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ቁመቱ 110። ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ክፍል፣ ዲስፕሌሰር የሚሉትን፣ ከድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅልዬ ሠራሁት። ወርዱ 70፣ ቁመቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሄደው 20 ሚሊ ሜትር። ዘንጉ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የነቀልኩት ቀጭን ብረት ነው። የጣሳው ታች ጠንካራ ስለሆነ ገልብጬ ላይኛው ፊት አደረግሁትና በምስማር በስቼ ዘንጉን በዚያ አሳለፍኩ። የተከፈተው አፍ ስለዚህ ወደ እሳቱ ዞሯል ማለት ነው፤ እሱን ወንድሜ በቆርቆሮ ከድኖ በሳልዳቱራ (በቀለጠ ማጣበቂያ ብረት) ዘጋልኝ።

ኃይል የሚሰጠው ፒስተን ፊኛ ነው። 32 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጥብቅ አድርጌ ወጥሬዋለሁ፤ ከፍ ዝቅ የሚለው 8 ሚሊ ሜትር ነው። ክራንኩን፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ወደ ዙር የሚለውጠውን፣ ከልብስ መስቀያ ሽቦ በፒንሳ አጠፍኩት፤ የሚሽከረከረው ቆርቆሮ ላይ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ቮላኖው፣ ዙሩን የሚያስቀጥለው ክብ፣ አንድ ላይ የተጣበቁ ሦስት ሲዲዎች። መጋጠሚያውን ሁሉ በማስቲሽ ደፍኜዋለሁ። እሳቱ ከቀለም ጠርሙስ የሠራሁት የአልኮል መብራት ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አምስት ደቂቃ አሙቄ ቮላኖውን በጣቴ ስገፋው አሥር ዙር ይዞርና ይቆማል። ሳይሞቅ ስገፋው ሰባት ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ሙቀቱ የሆነ ነገር እያደረገ ነው ብዬ አምናለሁ። ትናንት ማታ ሁለተኛ መብራት ጨመርኩ፤ የታችኛው ጠርዝ ሳልዳቱራ ቀልጦ ተላቀቀብኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እሳቱን ካልጨመርኩ ኃይሉ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ያለነው 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ከናካቴው የማይዞር ነገር እየሠራሁ ይሆን?

የሐዋሳው

እህቴ በርቺ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ሞክሬው ሳይሳካልኝ የተውኩት ነገር ነው፤ አንቺ ከእኔ ርቀሽ ሄደሻል። በእኔ ግምት እሳት አንሶታል። ሳልዳቱራውን በብየዳ አስለውጪና በጋዝ ምድጃ ሞክሪው። በሁለቱ ክራንኮች፣ በዲስፕሌሰሩና በፊኛው እጥፋት፣ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ዲግሪ ነው? እሱን አልጻፍሽውም።

ቶርኖ ቤት

መምህርት፣ መጀመሪያ እሳቱን አጥፊው። የሐዋሳው ወንድሜ አይቀየመኝና ችግሩ እሳት ማነሱ አይደለም። ሳይሞቅ ሰባት፣ ሞቆ አሥር ዙር ከዞረ ሞተርሽ መሥራት ጀምሯል። ያገኘውን ግን ሌላ ቦታ እያፈሰሰው ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አራት ስተርሊንግ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ለሰባት ወር አልዞረልኝም። የምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው።

አንቺ የምታስተምሪውን ልነግርሽ አይደለም፤ ግን ሁላችን አንድ ነገር እያየን እንድንነጋገር ልበለው። ውስጥ ያለው አየር ያው አንዱ ነው፤ አይገባም፣ አይወጣም። አመላላሹ፣ እኔ ዲስፕሌሰሩን እንዲህ ነው የምጠራው፣ ወደ ላይ ሲሄድ አየሩን ወደ ታች ወደ እሳቱ ይሰደዋል። አየሩ ይሞቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፊኛው ይነፋል። አመላላሹ ሲወርድ አየሩ ወደ ላይ ሸሽቶ ይቀዘቅዛል፣ ፊኛው ወደ ውስጥ ይሳባል። ሞተሩን የሚያዞረው በታችና በላይ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። እሳት ስትጨምሪ ታቹ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን በጣሳው ግድግዳ ወጥቶ ላዩንም ያሞቀዋል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደሽ ግማሹን ትመለሻለሽ።

አሁን ወደ ሥራው። ፊኛውን ከክራንኩ ፍቺው። ጣሳውን በአንድ መብራት አሙቂ። ከዚያ አመላላሹን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ከፍ ዝቅ አድርጊ። ፊኛው ባንቺ እጅ ልክ ጉብ፣ ስርጉድ ማለት አለበት፤ በዓይን በደንብ መታየት አለበት። ይህን ካላደረገ ክራንኩን ብታስተካክዪ፣ ቮላኖ ብትለውጪ ድካም ነው። እኔ ሰባቱን ወር ያባከንኩት ይህን ሙከራ ባለማወቄ ነው።

ፊኛው ካልተንቀሳቀሰ አየር ያመልጣል። በአፍሽ በቧንቧው በኩል እፍ ብለሽ አፉን ያዢና የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀቢ። ከወዲሁ የምጠረጥረው ዘንጉ የሚያልፍበትን የምስማር ቀዳዳ ነው። ምስማር የበሳው ቆርቆሮ ጠርዙ የተቀደደ ነው፤ አየር ያሳልፋል፣ ዘንጉንም ይሞርዳል። የተሰበረ የሬዲዮ አንቴና ፈልጊ። እነዚያ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡት ቱቦዎች ናስ ናቸው፤ ዘንግሽን ሳያናውጥ የሚያሳልፈውን መርጠሽ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጪ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፣ ክዳኑ ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። ቱቦው ረጅም በሆነ መጠን አየሩ ለማምለጥ ይቸገራል። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ማስቲሹን አስወግጂው፤ ሲሞቅ ይላላል። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኤፖክሲ በቀዝቃዛው በኩል ተጠቀሚ።

ጣሳውንም መልሰሽ ገልብጪው። ሳልዳቱራ ወደ እሳት አይቀርብም፤ ከ200 ዲግሪ ዙሪያ ጀምሮ ይቀልጣል፣ የአልኮል ነበልባል ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። የፋብሪካው ታች ወደ እሳቱ ይሁን፣ ወንድምሽ የዘጋው ክዳን ከላይ ይሁን። የጣሳውን የውስጥ ቅብ አመላላሹን ሳታስገቢ በፊት ደጅ አውጥተሽ አቃጥዪው፤ ጭሱ ለልጅሽ ጥሩ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቁጥር አስደንግጦኛል። የጣሳው ቁመት 110 ነው። አመላላሹ 60፣ ጉዞው 20። የቀረው 30 ሚሊ ሜትር ባዶ ነው። በ73 ወርድ ስታሰዪው 125 ሲሲ ያህል አየር ነው፤ ፊኛሽ የሚጠርገው 6.4 ሲሲ ብቻ! የሞተ ቦታ የምንለው ይህንን ነው። አመላላሹ ደርሶ የማያንቀሳቅሰው አየር ስለሆነ የሚፈጠረውን ግፊት ሁሉ ይውጠዋል። አመላላሹን 84 አድርሺው፤ ከላይ 3፣ ከታች 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቅር። ሽቦው ላይ የፈነገጡ ክሮች ካሉ በመቀስ ከርክሚ፤ አንዲት ክር ግድግዳውን ከነካች ሞተሩን ታቆመዋለች።

በነገራችን ላይ ሽቦውን መምረጥሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሌላው ሰው አመላላሹን ከባዶ ጣሳ ይሠራል። ሽቦ ሲሆን አየሩ ወደ ቀዝቃዛው ሲያልፍ ሙቀቱን ለሽቦው አደራ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ አደራውን ይቀበላል። ይህ ሪጄኔሬተር የሚባለው ነው። ሮበርት ስተርሊንግ፣ የስኮትላንድ ቄስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓተንት ሲያወጣ የፓተንቱ ዋና ነገር ይህ አደራ ያዥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተሩ ከድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ነበር። ወንድሙ ጄምስ ደግሞ በ1843 ዳንዲ ከተማ ላለ የብረት ማቅለጫ ትልቅ አድርጎ ሠራው። ያ ሞተር ምን ሆነ መሰለሽ? የሲሊንደሩን የእሳት ጎን ሙቀቱ ደጋግሞ በላውና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ወደ እንፋሎት ተመለሰ። የዘመኑ ብረት ያንን ሙቀት አይችልም ነበር። እሳት ጨምሪ ሲሉሽ እሱን አስቢ።

ፊኛው ጥብቅ ብሎ መወጠሩም ልክ አይደለም። የተወጠረ ላስቲክ ስፕሪንግ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ይታገላል። የሐኪም ጓንት መዳፉን ቆርጠሽ ልል አድርገሽ እሰሪው።

የዲግሪውን ነገር የሐዋሳው ወንድሜ ልክ ጠይቋል። አመላላሹ ፊኛውን በሩብ ዙር፣ በ90 ዲግሪ መቅደም አለበት። በዓይን አትገምቺ፤ ፕሮትራክተር አለሽ።

ስለ ከፍታው፣ እናንተ ዘንድ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠረፍ ላይ ከሚሠራ አንድ ዓይነት ሞተር በየዙሩ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ኃይል ታጪያለሽ፤ ሰበቃው ግን አይቀንስልሽም። የፈረንጅ ልጅ በቪዲዮ ላይ በግድየለሽነት አጥፎ የሚያዞረውን አንቺ ተጠንቅቀሽ መሥራት አለብሽ፤ እኔም አዲስ አበባ ላይ ያው ነኝ። ለመዞር ግን ይዞራል። ደግሞ ደብረ ብርሃን እኛ የሌለን ነገር አለው፦ ብርድ። ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ አስቢ።

የመጀመሪያዬ በመጨረሻ እንዴት እንደዞረ ልንገርሽና ላብቃ። ፒስተኑ የብርጭቆ ሲሪንጅ ነበር፣ ባለ 10 ሚሊ ሊትር። እንዲንሸራተት ብዬ ዘይት ቀባሁት። በዚያ ስስ ክፍተት ውስጥ ዘይት እንደ ማር እንደሚይዝ ማን ይንገረኝ? አንድ ሌሊት ተስፋ ቆርጬ ልፈታው ስል ሲሪንጁን በአልኮል አጠብኩና አደረቅሁት። ቀጥ አድርጌ ብይዘው ፒስተኑ በገዛ ክብደቱ ሳይቸኩል ወረደ። መልሼ ገጠምኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአንዲት ሻማ ዞረ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት፤ ጋቢዋን ተከናንባ ግማሽ ሰዓት አብራኝ ተቀምጣ አየችው።

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን በወረቀት ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነው የሠራሁት። አምስት ቀን ፈጀብኝ።

ፊኛውን ፈትቼ ስሞክር አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልተነሣም። ሳሙና ስቀባ የዘንጉ ቀዳዳ እንደ ጠላ አረፋ ነው ያወጣው። የማስቲሹም ሁለት ቦታ ይተነፍስ ነበር። አንቴና ከጎረቤት አገኘሁ። ቱቦው ሲገባ፣ ኤፖክሲው ሲደርቅ፣ ጓንቱ ሲታሰር፣ ያንኑ ሙከራ ደገምኩ። አመላላሹን ሳነሣ ጓንቱ ጉብ አለ፣ ሳወርድ ሰረጎደ። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ጮኽኩ።

ከዚያ ወደ ክራንኩ ዞርኩ። ቧንቧውን ከፍቼ፣ ማለትም ግፊት በሌለበት፣ ቮላኖውን ስገፋ ያው ሰባት ዙር ነው። የመስቀያው ሽቦ ቆርቆሮው ውስጥ ይፈጫል ማለት ነው። ትምህርት ቤታችን የሞቱ ኮምፒውተሮች የተከመሩበት ክፍል አለው፤ ፈቃድ ጠይቄ ከአንዱ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከረውን እምብርት ከነኩሽኔታው አወጣሁ። የሚያብረቀርቁት ሳህኖች ራሳቸው ቮላኖ ሆኑ። አሁን በአንድ ግፊት ከአርባ ዙር በላይ ይሄዳል፣ ድምፁም አይሰማም። ጥሬ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን እመክራለሁ፤ በእጄ የነካሁት እንደዚህ ቀላል የሚዞር ነገር የለም።

አመላላሹን 84 ሚሊ ሜትር አደረስኩት። ዲግሪውን በፕሮትራክተር ስለካው 55 ነበር። 90 አደረግሁት።

ቅዳሜ ማታ ለኮስኩ። በጣቴ ሳልገፋ፣ ስነካው ብቻ፣ ተነሣ። ዞረ! ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ዞረ። ከዚያ እየዘገመ ቆመ። እንደገና ስገፋው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ሲቀዘቅዝ ቆይቼ ስለኩሰው እንደገና ሦስት ደቂቃ። ላይኛውን ክዳን በእጄ ስነካው አቃጠለኝ። መልሱን ያወቅሁ ይመስለኛል፤ ግን ከእርስዎ ልስማው።

ቶርኖ ቤት

አውቀሽዋል። ታቹን ለማሞቅ ሦስት ሳምንት ደክመሻል፤ ላዩን ለማቀዝቀዝ ምንም አላደረግሽም። ሦስት ደቂቃ ማለት ክዳኑ ሞልቶ እስኪሞቅ የፈጀበት ጊዜ ነው። ሲቆም እርጥብ ጨርቅ ክዳኑ ላይ ጣይበት፤ ዓይንሽ እያየ ይነሣል።

ለዘለቄታው ከላይ ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሥሪለት። ሰፊ ጣሳ፣ 100 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውን፣ ቀለበት አድርገሽ ቁረጪና ከላይኛው ሢሶ ዙሪያ በኤፖክሲ አጣብቂ፤ ውሃው ክዳኑንም ትከሻውንም ይሸፍን። ከዚያ በታች አትውረጂ፣ ሙቁን ክፍል ታቀዘቅዢዋለሽ። የዘንጉ ቱቦ ከውሃው በላይ ይቁም፤ 30 ሚሊ ሜትር ያልኩሽ ለዚህም ይጠቅማል። የጓንቱም ቧንቧ እንዲሁ።

ከአምስት ልጆች ጋር

ይቅርታ በመሀል ስለገባሁ። ነገሩ ሁሉ ባይገባኝም አንብቤ ጨረስኩት። ቤታችን እንጀራ በማገዶ ነው የሚጋገረው። ምጣዱ ከወረደ በኋላ እንኳ ምድጃው ሰዓታት ይግላል። በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ ሞተር ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ ይችላል? መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል።

ከአይንድሆቨን

እህቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የምኖርበት ከተማ ታሪክም ነው። መልሱን በቁጥር ልሞክር። አሜሪካዊው ዊሊያም ቢል የደረሰበት ግምት አለ፦ 0.015 ሲባዛ በግፊት በባር (አንድ ባር የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት ያህል ነው)፣ ሲባዛ ፒስተኑ በሚጠርገው ሲሲ፣ ሲባዛ በሴኮንድ ዙር። የመምህርትን ሞተር በሴኮንድ 3 ዙር ይዞራል ብዬ ላስገባ። 0.015 በ0.7 በ6.4 በ3 ሲባዛ 0.2 ዋት ይሆናል። ይህም በሚገባ ለተሠራ፣ በጣም ለሚሞቅ ሞተር የሚሆን ቁጥር ነው፤ ጣሳ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው የሚሰጠው። ተራ የስልክ ቻርጀር 5 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ በጣሳ አይሆንም፤ ተስፋ ሰጥቼ ገንዘብዎን ላስወጣዎት አልፈልግም።

በቀመሩ ውስጥ ግን መንገዱ ይታያል። ግፊቱን በአሥር እጥፍ ብታሳድጉት ኃይሉ በአሥር እጥፍ ያድጋል። እዚህ ሆላንድ፣ አይንድሆቨን፣ የራዲዮና የአምፖል ኩባንያው ፊሊፕስ ያደረገው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ መብራት ባልደረሰባቸው አገሮች ራዲዮ የሚያሠራ ትንሽ ጄኔሬተር ፈልገው የስተርሊንግን ሞተር ከመቶ ዓመት በኋላ አነሡት። ውስጡ የታመቀ አየር ሞሉበት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 200 ዋት ያህል የሚሰጥ ማሽን ወጣ። ጊዜው ግን ቀደማቸው። ትራንዚስተር መጣ፣ ራዲዮ በትንሽ ባትሪ መሥራት ጀመረ፣ ማሽኑ ከ150 ያህል በላይ አልተሠራም። ሥራቸው ባክኖ አልቀረም፤ ያንኑ ሞተር በኤሌክትሪክ ሲያዞሩት ማቀዝቀዣ እንደሚሆን ተጠቅመው አየርን እስከ ፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ሠሩበት።

የታመቀ አየር ያለው ሞተር ግን በቤት ውስጥ በጣሳ አይሞከርም። ጣሳ ግፊት ሲሞላ ይፈነዳል። ይህን ልጆች ሊያነቡት ስለሚችሉ ነው በግልጽ የምጽፈው። ለስልክዎ ትንሽ ሶላር ይሻልዎታል።

ከአምስት ልጆች ጋር

ገባኝ። ቁጥሩን አስቀምጠው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። መምህርት፣ ሲዞር ቪዲዮውን ላኪልን፤ ልጆቼ እየጠበቁ ነው።

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ዛሬ ክፍል ይዤው ገባሁ።

ገንዳውን ጋሼ እንዳሉኝ ሠራሁት። ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ከቧንቧው የቀዳሁት ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለኮስኩና ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሲሞቅ ነካ አደረግሁት። ስድሳ ሁለት ልጅ ባለበት ክፍል የሃርድ ዲስኩ ሳህን ሲሽከረከር የሚሰማው የዘንጉ ቲክ ቲክ ብቻ ነበር። አልኮሉ እስኪያልቅ 41 ደቂቃ ዞረ። ከኋላ የተቀመጡት በስልክ ቀስ ብሎ በሚያሳየው ቪዲዮ ቀርጸው ቆጠሩ፤ በደቂቃ 156 ዙር ወጣ።

ከዚያ ግራፉን ሳልኩ። አመላላሹ ከላይ ሲሆን «አሁን ግራፉ ላይ የት ነን?» እያልኩ ጠየቅሁ። እየተሽቀዳደሙ በጣታቸው አሳዩኝ። ውሃውን በሽሮፕ ጠርሙስ መጥጬ ሳወጣው ሞተሩ ሲዘገም አዩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመር ሲፈጥን አዩ። እሳቱን ግን ማንም አልነካውም። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እሳቱ ያው ነው፤ ታዲያ ኃይሉ ከውሃው ነው የመጣው?» አለኝና ክፍለ ጊዜው በዚህ ክርክር አለቀ። ነገ እንቀጥላለን።

የአምናዋን ልጅ ከክፍሏ አስፈቅጄ ጠራኋት። ዝም ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ የጠየቀችኝን ጋሼ ይመልሱልኝ፤ እኔ የመሰለኝን ነግሬያታለሁ፣ ግን አልሞከርኩትም። «ታቹን በረዶ ላይ አድርገን ላዩ ላይ የፈላ ውሃ ብናፈስበት ወዴት ይዞራል?»

ቶርኖ ቤት

ወደ ኋላ ይዞራል። ምን ብለሽ ነገርሻት?

በዚህ ጣሳ ግን አይሆንላችሁም። እናንተ ዘንድ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ከበረዶው ጋር ያለው ልዩነት ከእሳቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ጣሳው ደግሞ ጠባብና ረጅም ነው። ለትንሽ ልዩነት ሰፊና አጭር ሞተር ነው የሚያስፈልገው። የዛግሬቡ ፕሮፌሰር ኢቮ ኮሊን እ.ኤ.አ. በ1983 በሙቅ ውሃ ብቻ የሚዞር ሠርቶ አሳይቷል። የእኔ አራተኛው የዚያ ዓይነት ነው፤ ከጀበና በወረደ ውሃ ላይ ይዞራል።

ሁለት ዝርግ የአሉሚኒየም ሳህን፣ 150 ሚሊ ሜትር ወርድ። በመካከላቸው 20 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የፕላስቲክ ቀለበት፤ ብረት እንዳይሆን፣ ሙቀቱን ያሻግረዋል። አመላላሹ ከዕቃ መጠቅለያ ነጭ ፎም ይቆረጣል፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ ጉዞው 6። ፒስተኑ ትንሽ ይሁን፣ ያ የብርጭቆ ሲሪንጅ ይበቃል። ዘይት እንዳትቀቢው።

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ወደ ኋላ ነው ያልኳት።

ሁለት የአሉሚኒየም ትሪ አለኝ፣ ዝርግ ናቸው። ፎሙን ልጅቷ ታመጣለች፤ አባቷ ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። ሲሪንጁን የት እንደማገኝ ይንገሩኝ፣ ፋርማሲ ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ነው።

ቶርኖ ቤት

እኔ ዘንድ ሁለት ቀርቷል። አንዱን በዕቃ ጭነት እልክልሻለሁ፤ አድራሻሽን በውስጥ ጻፊልኝ።